ተራ አስከባሪ የሌለበት ተራ

ባለፈው ቅዳሜ ለቢሮዬ የሚሆን ራውተር ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር፡፡ የመርካቶ ቅዳሜ መቼም የታወቀ ነው፡፡ በራጉኤል በኩል ገብቼ፣ ተሸካሚ “ዞር በሉ!” ሲለኝ እየዞርኩ፣ ጋሪ ሲመጣ ግድግዳ ላይ እየተለጠፍኩ ዱባይ ተራ ደረስኩ፡፡ ስሙ እንደሚናገረው ከዱባይ ተጭኖ በሚመጣ ዕቃ የታወቀ ሰፈር ነው፡፡ ልብሱም፣ ጫማውም፣ ሽቶውም፣ ስልኩም ጎን ለጎን ተደርድሯል፡፡ ከአንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ ስፋቷ ከአልጋ ብዙም የማይበልጥ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ነጋዴ ጉዳዬን ሰምቶ አንድ ትልቅ ካርቶን አወረደልኝ፡፡

“ጋሼ፣ ይኼን ይውሰዱ፡፡ ዋይፋይ ሰባት ነው፡፡ እንደ ድሮው በአንድ መንገድ አይደለም የሚሄደው፤ በሁለት፣ በሦስት መንገድ ባንዴ ነው፡፡ ለራሴም ሱቅ የገጠምኩት እሱን ነው፡፡”

ዋጋውን ስሰማ ትንሽ ደነገጥኩ፡፡ እሱ ስለ ዕቃው ባሕርይ ሲያስረዳኝ፣ በስልኩ ሐዋሳ ላለ ደንበኛው የሚልከው የዕቃ ፎቶግራፍ ግን ክቡን እያዞረ አልሄድ ብሎት ነበር፡፡ ደንበኛው እንዳይቀየመው ደወለለት፤ “አንድ ደቂቃ ብቻ” አለው፡፡ ስልኩን ዘግቶ ወደኔ ዞረና በቅንነት ጠየቀኝ፡፡

“ቆይ ግን ጋሼ፣ ሁለት መንገድ ካለው ለምን ይቆማል?”

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የሬዲዮ መሐንዲስ አይደለሁም፡፡ መልስም አልነበረኝም፡፡ ሆኖም ጥያቄው እስከ ቤቴ ተከተለኝና ሳምንቱን ሙሉ ሳነብና የሙያው ወዳጆቼን ስጠይቅ ሰነበትኩ፡፡ ያገኘሁት መልስ ከጠበቅሁት በላይ ለሙያዬ የቀረበ ሆነ፡፡ ነገሩ የመንገድ ብዛት ጉዳይ ሳይሆን የተራ ጉዳይ ነው፡፡ ቋንቋችን የገበያ ሰፈርንም፣ ወረፋንም “ተራ” እያለ በአንድ ቃል መጥራቱ ደግሞ ማስረዳቱን ያቀልልኛል፡፡

አየሩ የማን ነው?

ዋይፋይ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ሬዲዮ ነው፡፡ ራውተሩም ሬዲዮ ነው፣ በኪሳችን ያለው ስልክም ሬዲዮ ነው፡፡ ልዩነቱ ኤፍኤም ጣቢያም ሆነ የሞባይል ስልክ ድርጅት የሚሠራበት የሞገድ ክልል ፈቃድ ወጥቶበት ባለቤት ያለው ሲሆን፣ ዋይፋይ የሚሠራበት ግን የወል መሬት መሆኑ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ተትተው የነበሩ የሞገድ ክልሎችን ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ መገናኛዎች ከፈተ፡፡ ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበት የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሰፈር አንዱ ነበር፡፡ የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ብቻ ነበር፡፡ ዛሬ የምናየው ሁሉ ከዚያ የበቀለ ነው፡፡

የወል መሬት ጥሩነቱ ማንም ከብቱን ማስገባት መቻሉ ነው፤ ችግሩም ያው ነው፡፡ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ክልል ውስጥ በወረቀት ላይ 13 ቻናሎች ተቆጥረዋል፡፡ ቻናሎቹ የተራራቁት ግን በ5 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ዋይፋይ ለመሥራት 20 ሜጋ ኸርዝ ያህል ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ በተለምዶ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው፡፡ አሁን ዱባይ ተራ አንድ ፎቅ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁን ክፈቱና የዋይፋዮቹን ስም ዝርዝር ተመልከቱ፡፡ ዝርዝሩን በጣት እየገፋችሁ ትደክማላችሁ፡፡ ያ ሁሉ ሳጥን በዚያ ክልል የሚሠራው ሦስት መተላለፊያ ላይ ተጋፍቶ ነው፡፡

በአንድ ቻናል ላይ፣ በሚሰማሙ መሣሪያዎች መካከል፣ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው፡፡ ሁለቱ ባንዴ ከተናገሩ የሁለቱም መልእክት ተበላሽቶ እንደገና ይላካል፡፡ ታዲያ ማን ቀድሞ ይናገር? በታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ አስከባሪ አለ፡፡ በአየር ላይ ግን ጎረቤታሞቹን ሱቆች ሁሉ የሚያዝ ተራ አስከባሪ የለም፡፡

ከሐዋይ የመጣ ትምህርት

ይህንን ጥያቄ ቀድመው የተጋፈጡት የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፡፡ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 አሎሃ የተባለውን የሬዲዮ መረብ ሥራ ላይ አዋሉ፡፡ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር በሬዲዮ እንዲጋሩ ታስቦ የተሠራ ነበር፡፡ ደንቡ ቀላል ነው፡፡ የምትለው ሲኖርህ ተናገር፤ “ደርሶኛል” የሚል መልስ ካልመጣ ጥቂት ቆይተህ ድገመው፡፡

ስሌቱ ግን አሳዛኝ ሆነ፡፡ ሁሉም እንዳሻው ሲናገር፣ ቢበዛ ቢበዛ ከአየሩ ጊዜ ለቁም ነገር የሚውለው 18 በመቶ ገደማ ነው፡፡ የቀረው በግጭትና በዝምታ ይባክናል፡፡ በ1972 ሎረንስ ሮበርትስ የተባለ ሌላ ሊቅ አንድ ማሻሻያ አቀረበ፡፡ ጊዜው በእኩል ቁራጮች ይከፈል፤ ማንም ሰው መናገር የሚጀምረው በቁራጩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ይሁን አለ፡፡ በዚህ ብቻ ጣሪያው ወደ 37 በመቶ ገደማ ወጣ፤ እጥፍ ማለት ነው፡፡ አዲስ አንቴና አልተተከለም፣ አዲስ ሞገድ አልተገዛም፡፡ የተጨመረው ሰዓት ማክበር ብቻ ነው፡፡ ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ዕጣ እያወጡ መናገር

ዋይፋይ ከአሎሃ ተምሮ ሌላ ጨዋነት ጨመረ፤ ከመናገርህ በፊት አዳምጥ የሚል፡፡ አንድ ራውተር የሚልከው ነገር ሲኖረው መጀመሪያ ጆሮውን ይጥላል፡፡ አየሩ ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ ግን ወዲያው አይናገርም፤ እሱ ሲጠብቅ ሌላውም እየጠበቀ ሊሆን ይችላልና፡፡ ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ ዕጣ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 15 ካሉት ቁጥሮች አንዱን፡፡ ከዚያ አየሩ ጸጥ ባለ ቁጥር በየ9 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ እየቀነሰ ወደታች ይቆጥራል፡፡ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው፡፡ በመካከል ሌላ ሰው ከተናገረ ቆጠራው ይቆማል፤ ያ ሲጨርስ ከቆመበት ይቀጥላል፡፡ ዜሮ የደረሰ ይናገራል፡፡

እቁብ የገባ ሰው ይህ ሥርዓት ይገባዋል፡፡ ይሁን እንጂ ዕጣው ለጥቂት ሰዎች ነው የሚበቃው፡፡ አምስት መሣሪያዎች ከ16ቱ ቁጥሮች ዕጣ ቢያወጡ፣ ቢያንስ ሁለቱ ተመሳሳይ ቁጥር የመያዛቸው ዕድል ልክ ግማሽ ያህል ነው፡፡ ወረቀት ይዛችሁ ብታሰሉት ትደርሱበታላችሁ፡፡ ተመሳሳይ ቁጥር የያዙት ባንዴ ዜሮ ደርሰው ይጋጫሉ፡፡ የተጋጨ መሣሪያ የዕጣውን ብዛት ወደ 32፣ ወደ 64 እያለ እስከ 1,024 ድረስ እያጠፈ ያሰፋዋል፤ ማለትም በተጋጨ ቁጥር ረጅም ወረፋ ይጠብቃል፡፡

እንግዲህ የዱባይ ተራው ወዳጄ ፎቶግራፍ በአየሩ ምክንያት ቆሞ ከነበረ፣ ሳጥኑ ተበላሽቶ አይደለም፡፡ ከላይም፣ ከታችም፣ ከግራም፣ ከቀኝም ያለ ሱቅ ሁሉ ሲናገር እሱ ቆጠራውን እያቆመ ተራ ይጠብቃል፡፡

ሁለት በር ያለው ሱቅ

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ፡፡ ዋይፋይ 7 የሚባለው ትውልድ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የዋይፋይ አምራቾች ማኅበር ማረጋገጫ የሚሰጠው ሲሆን ዋናው አዲስ ነገሩ መልቲ ሊንክ ይባላል፡፡ የቀድሞዎቹ ራውተሮችም 2.4 እና 5 ጊጋ ኸርዝ ላይ መሥራት ይችሉ ነበር፤ ስልኩ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው፡፡ በአዲሱ አሠራር ስልኩና ራውተሩ በሁለት ወይም በሦስት ሞገዶች ላይ ባንዴ ይተሳሰራሉ፡፡ ሱቁ ሁለት በር አወጣ ማለት ነው፡፡

ጥቅሙን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል፡፡ እያንዳንዱ በር ግማሹን ጊዜ በሌላ ሰው የተዘጋ ነው እንበል፡፡ አንድ በር ብቻ ያለው ሰው ግማሹን ጊዜ ይጠብቃል፡፡ ሁለት በር ያለው ሰው የሚጠብቀው ሁለቱም በአንድ ላይ ሲዘጉ ብቻ ነው፤ ይህም የግማሽ ግማሽ፣ ማለትም ሩብ ነው፡፡ ስለዚህ ነጋዴው “በሁለት መንገድ ባንዴ” ያለው ውሸት አይደለም፡፡

ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ በሮች በአንድ ጠባብ ሱቅ ላይ ሲሆኑ ነው፡፡ ስልክ ሲናገር የሚያወጣው ጉልበት፣ ሲያዳምጥ ከሚደርሰው ጉልበት አንድ ቢሊዮን ጊዜ ሊበልጥ ይችላል፡፡ በአንደኛው በር እየጮኸ በሁለተኛው በር የሚንሾካሾክን ሰው መስማት አይችልም፤ የራሱ ጩኸት ያደነቁረዋል፡፡ ሁለቱ ሞገዶች ተራርቀው ሲገኙ፣ ለምሳሌ አንዱ 2.4 ሌላው 5 ጊጋ ኸርዝ ሲሆኑ፣ ማጣሪያው ጩኸቱን ሊያግድ ይችላል፡፡ 5 እና 6 ጊጋ ኸርዝን በመሰሉ ተቀራራቢ ሞገዶች ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፡፡

በዚህ የተነሳ መልቲ ሊንክ የተጻፈበት ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም፡፡ በደረጃው ውስጥ በዋናነት ሦስት ዓይነት አሠራር አለ፡፡ የመጀመሪያው በአንዱ በር እየተናገረ በሌላው ማዳመጥ የሚችል ነው፡፡ ሁለተኛው ይህንን የማይችል፣ ስለዚህም በሁለቱም በሮች ወይ አብሮ መናገር ወይ አብሮ ማዳመጥ ያለበት ነው፡፡ ሦስተኛው አንድ ዋና አንደበት ብቻ ያለው፣ ሆኖም ጆሮውን በሁለቱም በሮች ጥሎ ቀድሞ ወደተከፈተው የሚሮጥ ነው፡፡ ካርቶኑ ላይ ሦስቱም “መልቲ ሊንክ” ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፡፡

አብሮ መጀመር፣ አብሮ መጨረስ

ከሐዋይ የያዝነው ትምህርት እዚህ ላይ ይመለሳል፡፡ ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ ሰዓት ካላከበረ ሁለተኛው በር ዋጋ የለውም፡፡

ምሳሌ ልስጥ፡፡ ራውተሩ ለእንዲህ ያለ ስልክ በሁለቱም በሮች ዕቃ እየላከ ነው እንበል፡፡ በአንደኛው በር የተላከው አጭር ሆኖ ቀድሞ ያልቃል፡፡ ስልኩ ደግሞ መልእክት በደረሰው በ16 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ውስጥ “ደርሶኛል” ብሎ የመመለስ ግዴታ አለበት፡፡ ይህንን በተናገረ ቅጽበት ግን ራሱን ያደነቁርና በሁለተኛው በር እየገባ ያለውን ዕቃ ያበላሻል፡፡ መፍትሔው ራውተሩ ሁለቱ መልእክቶች በአንድ ቅጽበት እንዲያልቁ ማድረጉ ነው፡፡ አጭሩን በባዶ ሞልቶ ያስረዝመዋል፡፡ ቦታ ይባክናል፤ ግን ግጭት ይቀራል፡፡

አብሮ መጀመር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ የፍትሕ ጥያቄም አለበት፡፡ በሁለቱ በሮች ላይ የወጡት ዕጣዎች የተለያዩ ናቸው፡፡ በአንዱ 3፣ በሌላው 11 ወጣ እንበል፡፡ ባለ 3ቱ ቀድሞ ዜሮ ይደርሳል፡፡ ወዲያው ቢናገር ሁለተኛው በር ይደነቁራል፡፡ ታዲያ የ11ዱን ቀሪ ቆጠራ ሰርዞ በሁለቱም ቢገባስ? ይህ በባንክ ቤት በአንድ መስኮት ተራው የደረሰ ሰው፣ “እዚያኛውም መስኮት ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ” ብሎ ከሰው ፊት እንደመግባት ነው፡፡ አንድ በር ብቻ ያላቸው አሮጌ ስልኮች ላይ የሚሠራ ግፍ ነው፡፡

ደረጃውን የጻፉት መሐንዲሶች የመረጡት ጨዋውን መንገድ ነው፡፡ ቀድሞ ዜሮ የደረሰው በር ዜሮው ላይ ቆሞ ሁለተኛው እስኪደርስ ይጠብቅ ተባለ፡፡ ሲጠብቅ ግን ቦታውን የሚይዝለት የለም፡፡ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው ቀድሞ ከተናገረ፣ ያው መጠበቅ ነው፡፡ ማለትም በሁለቱም በሮች መግባት የሚሻ በሁለቱም በሮች ተራውን መጠበቅ አለበት፡፡ ይህንን ሳነብ የሕግ ሰው ነውና ልቤ፣ ደስ አለኝ፡፡

ያልሰማ አይፈርድም

ሌላም የሚገርም ነገር አለ፡፡ አንድ ስልክ በአንደኛው በር ሲናገር በሁለተኛው በር ደንቁሮ ቆይቷል፡፡ ተናግሮ ሲጨርስ ወደ ሁለተኛው በር ዞሮ ሲያዳምጥ ጸጥታ መሰለው፡፡ እውነት ጸጥታ ነው? ላይሆን ይችላል፡፡ እሱ ደንቁሮ ሳለ ሌላ ሰው መናገር ጀምሮ፣ ድምፁ ደካማ ስለሆነ ወይም መግቢያው ስላመለጠው ላይታወቀው ይችላል፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ ተቀባይነት እንደማይቆጠር ደንግጓል፡፡ የዋይፋይ 7 ደንብም በራሱ ቋንቋ ተመሳሳይ ነገር ይላል፡፡ ደንቁሮ የቆየ መሣሪያ ለ5 ሚሊ ሰከንድ ተኩል ገደማ በጥንቃቄ ሥር ይሆናል፡፡ በዚያ ጊዜ ውስጥ መናገር ቢፈልግ ጆሮውን ከወትሮው አስልቶ ማዳመጥ፣ ከዚያም በአጭር መልእክት “ልናገር?” ብሎ ጠይቆ “ቀጥል” መባል አለበት፡፡ ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፡፡ በዋይፋይ ላይ አንድ ወጥ መልእክት ሊፈጅ የሚፈቀድለት ረጅሙ ጊዜ ይኸው ስለሆነ፣ እሱ ደንቁሮ ሳለ የተጀመረ መልእክት ካለ እስከዚያ ያልቃል፡፡

ይህ የ“ልናገር?” ሥርዓት ለቆየ ችግርም መድኃኒት ነው፡፡ በኮንክሪት ግድግዳና በብረት መዝጊያ በተለያዩ ሁለት ሱቆች ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርስ ላይሰማሙ ይችላሉ፡፡ መካከል ላይ ያለው ራውተር ግን ሁለቱንም ይሰማል፡፡ ሁለቱም “ጸጥ ነው” ብለው ባንዴ ሲናገሩ የሚደባለቀው እሱ ጋ ነው፡፡ መርካቶን ለሚያውቅ፣ ግድግዳውና መዝጊያው ስንት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፡፡

ሁሉም ሁለት በር ሲኖረው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአዲሱ ዕቃ ምስጋና ነው፡፡ ነገር ግን የወዳጄ ጥያቄ አልተመለሰም፤ ታዲያ ለምን ይቆማል?

ቅድም ያደረግነውን ሒሳብ አስታውሱ፡፡ ግማሹ ወደ ሩብ የወረደው ሁለቱ በሮች በተለያየ ጊዜ ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ ብለን ስለገመትን ነው፡፡ ይህ እውነት የሚሆነው ሁለት በር ያለው ሰው ብቻውን ሲሆን ነው፡፡ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሁለት በር ሲያወጡ፣ አንዱ በር በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ወደዚያው ይሮጣል፡፡ ባዶ የነበረው በር ይሞላል፡፡ የመጀመሪያው ገዢ ያገኘው ጥቅም በአሥረኛው ገዢ ጊዜ እየቀለጠ ይሄዳል፡፡ በአንድ ፎቅ ላይ ይህንን ካርቶን በብዛት የሚሸጥ ነጋዴ፣ ለራሱ የገዛውን ጥቅም ለጎረቤቶቹ እየሸጠው ነው ማለት ይቻላል፡፡

ሁለተኛው ምክንያት ስልኩ ነው፡፡ ሁለት በር የሚሠራው ከሁለቱም ወገን ሲሆን ነው፡፡ ራውተሩ ዋይፋይ 7 ሆኖ ስልኩ የአምስት ዓመት ዕድሜ ካለው፣ ስልኩ የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው፡፡ ሦስተኛው ምክንያት ከሱቁ ውጪ ያለው መስመር ነው፡፡ ከሕንፃው የሚወጣው መስመር ጠባብ ከሆነ፣ የሱቁን በር አሥር ብናደርገውም ጎዳናው አይሰፋም፡፡

ሕጉና ካርቶኑ

“ታዲያ ሦስተኛው በር፣ 6 ጊጋ ኸርዝ የተባለው አለ አይደል?” የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ እዚህ ላይ ነገሩ ከመሐንዲስ ወደ ሕግ ይሻገራል፡፡ አሜሪካ በ2020 ከ5925 እስከ 7125 ሜጋ ኸርዝ ያለውን 1,200 ሜጋ ኸርዝ ስፋት በሙሉ ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ መሣሪያዎች ከፈተች፡፡ ብዙው የካርቶን ማስታወቂያ የተጻፈው ይህንን ሰፊ ሜዳ አስቦ ነው፡፡

የእኛ አገር ግን በዓለም የሬዲዮ አከፋፈል ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከአረብ አገሮች ጋር አንደኛው ክልል ውስጥ ናት፡፡ ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 15 ቀን 2023 የተካሄደው የዓለም ሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባዔ፣ ከ6425 እስከ 7125 ሜጋ ኸርዝ ያለውን የላይኛውን ክፍል ለዚህ ክልል ለሞባይል ስልክ አገልግሎት አመለከተ፤ ዋይፋይም እንደሚጠቀምበት ሳይዘነጋ፡፡ ጉባዔው የተካሄደው የት እንደሆነ ልንገራችሁ? ዱባይ፡፡ ዱባይ ተራ የሚሸጠው ካርቶን ዕጣ ፈንታ በከፊል የተወሰነው በዱባይ ነው፡፡

የታችኛው ክፍል 500 ሜጋ ኸርዝ ስፋት አለው፡፡ ካርቶኑ በትልቁ የሚጽፈው የ320 ሜጋ ኸርዝ ቻናል በዚህ ውስጥ ሳይነባበር የሚገባው አንድ ብቻ ነው፡፡ አንድ ፎቅ ሙሉ ሱቅ በዚያ አንድ ቻናል ላይ ቢፈርድ፣ ወደ ድሮው ግፊያ ተመለስን ማለት ነው፡፡ በመጨረሻም የትኛው ሞገድ በምን ያህል ጉልበት ያለ ፈቃድ እንደሚሠራ የሚወስነው የየአገሩ ተቆጣጣሪ ነው፡፡ በእኛ አገር ይህ ሥልጣን በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ነው፡፡

ከሸማቹ ወገንም ሕግ አለ፡፡ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፡፡ “ሦስት መንገድ” ተብሎ የተሸጠ ሳጥን በገዢው አገርና በገዢው ስልክ ላይ ሁለት ወይም አንድ መንገድ ብቻ የሚሆን ከሆነ፣ ይህንን ማወቅ የገዢው መብት ነው፡፡

ምን ይደረግ?

ወደ ተግባር ልግባ፡፡ ገዢ የሆነ ሰው ካርቶኑን ከማንሳቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፡፡ ስልኬና ኮምፒውተሬ መልቲ ሊንክ ያውቃሉ ወይ? ይህ ሳጥን ከሦስቱ ዓይነት የቱን ይሠራል? ወደ ቢሮዬ የሚገባው መስመርስ ምን ያህል ይይዛል? የሦስቱም መልስ ደካማ ከሆነ፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ መካከለኛ ራውተር ይበቃዋል፡፡

የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በገመድ ይያያዝ፡፡ የካሜራው፣ የዴስክቶፑ፣ የማተሚያው ቦታ አይቀየርም፤ አየሩን የሚያጨናንቁት በከንቱ ነው፡፡ አንድ ካሜራ ወደ ገመድ ሲዞር ለጎረቤቱም ተራ ይለቀቅለታል፡፡

በ2.4 ላይ የግድ የሚሠራ ሰው ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን ይያዝ፤ ስፋቱንም በ20 ሜጋ ኸርዝ ይወስን፡፡ “እኔ ከሁሉም ልሽሽ” ብሎ 3ኛውን ወይም 8ኛውን የሚመርጥ ሰው ከሁለት ወገን ይጋጫል እንጂ አያመልጥም፡፡ ጉልበቱንም ይቀንስ፡፡ ለሁለት ሜትር ሱቅ ሦስት ፎቅ የሚያቋርጥ ሞገድ ምን ያደርጋል?

ትልቁ መፍትሔ ግን በአንድ ሰው የሚሠራ አይደለም፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለሀብት ንብረቱን ሲጠቀም ጎረቤቱን ማስቸገር እንደሌለበት ይደነግጋል፡፡ ጭሱ፣ ሽታው፣ ጩኸቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም፡፡ ሕጉ ሲጻፍ ዋይፋይ አልነበረም፤ መንፈሱ ግን ለአየሩም ይበጃል፡፡ አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ነጋዴዎች ጥበቃ በጋራ ይቀጥራሉ፤ የደረጃውን መብራት በጋራ ይከፍላሉ፡፡ አንድ ባለሙያ ጠርተው ሕንፃውን በአንድ በተጠና መረብ ቢያያይዙትና ቻናሉን ቢከፋፈሉ፣ ለየብቻቸው ከሚያወጡት ሊያንስ ይችላል፡፡ ያኔ ቢያንስ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ተራ አስከባሪ ይኖራል ማለት ነው፡፡

ትናንት ለወጣቱ ነጋዴ ደወልኩለትና ያነበብኩትን በአጭሩ ነገርኩት፡፡ ጸጥ ብሎ ሰማኝ፡፡ “ጋሼ፣ ታዲያ እኔ ከአጠገቤ ላሉት ሁሉ ይኼንኑ ሸጬላቸዋለሁ እኮ” አለና ሳቀ፡፡ ከዚያም የፎቁን ሰዎች አነጋግሮ ቻናል ለመከፋፈል እንደሚሞክር ነገረኝ፤ “ግን ማን እሺ ይላል፣ ሁሉም አንደኛ ልሁን ነው የሚለው” ሲል አከለ፡፡ እኔም በበኩሌ መካከለኛውን ራውተርና ሃያ ሜትር ገመድ እንዲያስቀምጥልኝ አዘዝኩት፡፡

የፎቁ ሰዎች ይስማሙ እንደሆነ ወደፊት ሄጄ አያለሁ፡፡ እስከዚያው፣ የእናንተም ዋይፋይ ሲቆም ሳጥኑን ከመውቀሳችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ቻናሉን ጠይቁት፡፡ ቸር ይግጠመን፡፡